«ፖዘቲቭ ሁኚ» ይሉኛል፤ ፓናሉ ፊት ግን አፌ ይያዛል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። እስካሁን አራት ጊዜ ለኢንተርቪው ተጠርቼ አራቱም አልተሳካልኝም። የጽሑፍ ፈተና አልፋለሁ፤ ፓናሉ ፊት ስቀርብ ግን አፌ ይያዛል። በተለይ ‹ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?› ሲሉኝ ዓይኔ እንባ ያቀራል። እናቴ እዚሁ ጅማ መርካቶ ትንሽ ሱቅ አላት። ቀን ቀን እዚያ እቀመጣለሁ፣ የዱቤ ደብተር እጽፋለሁ፤ ሌላ የሠራሁት የለም። ሰው ሁሉ ‹ፖዘቲቭ ሁኚ› ይለኛል። እኔም ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ‹እችላለሁ› እላለሁ። እዚያ ስደርስ ግን ሁሉም ይጠፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት ጠርቶኛል። እንዴት ነው አዎንታዊ የሚኮነው? ደግሞስ የሚያልፈው ዘመድ ያለው ከሆነ ምን ዋጋ አለው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «የዱቤ ደብተር እጽፋለሁ፤ ሌላ የሠራሁት የለም» ያልሽው ላይ። የዛሬው መልሴ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ደብተር ላይ ነው።

በሰው ኃይል ሥራ ላይ 16 ዓመት ቆይቻለሁ። ብዙ ኢንተርቪው ላይ ጠያቂዎቹ በኩል ተቀምጫለሁ። አሁን እዚሁ ጅማ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን አማክራለሁ። ሁለቱንም ወገን አይቻለሁ ማለት ነው።

ከመስታወቱ ልጀምር። መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» ማለት ክፉ ነገር አይደለም። ችግሩ ቃሉ ባዶውን መቆሙ ነው። ልብሽ ወዲያው «በምን?» ብሎ ይጠይቅሻል። መልስ ካላገኘ አያምንሽም። ፓናሉም የሚጠይቅሽ ያንኑ ነው። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ቢሉሽ፣ «ለምን አንቺን እንቅጠር?» ቢሉሽ፣ ከሥር ያለው ጥያቄ «በምን?» የሚል ነው። ጠዋት ለራስሽ ያልመለስሽውን ከሰዓት ለአምስት ሰው መመለስ ከባድ ነው። አንቺ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም አፍሽ የሚያዘው። የምትናገሪውን ሳትሰበስቢ ስለምትገቢ ነው።

ይህን ከራሴ ግምት ብቻ ተነስቼ አይደለም የምለው። ጋብሪየለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። ከባልደረባዋ ጋር ሆና ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ተከታተለች። ጥናቱ የታተመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ነው። ወጣቶቹ ስለ ወደፊቱ ምን እንደሚያስቡ በመጀመሪያ ጠየቀቻቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የት እንደደረሱ አየች። ጥሩ ሥራ ይዘው፣ ጥሩ ደሞዝ እየተከፈላቸው በሐሳብ ሲንሳፈፉ የነበሩት ያመለከቱበት ቦታ ያነሰ ነበር። የቀረበላቸው የሥራ ቅጥርም ያነሰ ነበር። ደሞዛቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ እስካሁን ከሠሩት ተነስተው «ይሳካልኛል» ብለው የገመቱት የተሻለ ቦታ ደረሱ።

እኛ ለዚህ ልዩነት ቃሉ አለን። አንደኛው ምኞት ነው፣ ሁለተኛው ተስፋ። ምኞት አይከለከልም። ግን ምኞት ያደረገውን ሳይቆጥር ያገኘ ያህል ይደሰትና እግሩን ይዘረጋል። ተስፋ ግን የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። ገበሬ ተስፋ የሚያደርገው ዘርቶ ነው። ሰዎች «ፖዘቲቭ ሁኚ» ሲሉሽ ብዙ ጊዜ ሳያውቁት የሚሰጡሽ ምኞቱን ነው። እኔ የምፈልግልሽ ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ ወደ ደብተሩ እንሂድ።

ዛሬ ማታ ሱቁ ሲዘጋ የዱቤ ደብተሩን ይዘሽ ቤት ግቢ። እናትሽን አስፈቅጂ። ከዚያ ቁጠሪ። ስንት የዱቤ ደንበኛ አላችሁ? በወር በአማካይ ስንት ብር በዱቤ ይወጣል? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተመለሰ? ስንቱ ዘገየ? ስንቱ ጭራሽ ቀረ? ደንበኞቻችሁ ቡና አምራቾች ከሆኑ ብሩ የሚመለሰው ቡና ሲለቀም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ። ክረምት ላይ ሱቁ ይደርቃል። ያን ጊዜ ዕቃ እንዴት ነው የምታስገቡት? ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ ማነው የሚወስነው? አንቺ ደብተሩን ከያዝሽ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? ምናልባት ገጹን በስም ከፋፍለሻል። ምናልባት ቀን መጻፍ አስጀምረሻል። ምናልባት ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ዕዳ አግኝተሽ አስተካክለሻል።

ይህ ሁሉ በተማርሽው ቋንቋ ስም አለው። ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። የማይሰበሰብ ዕዳ ነው። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ነው። ክፍል ውስጥ በምሳሌ የተማርሽውን መርካቶ ላይ በእውነተኛ ብር፣ በእውነተኛ ሰው፣ ጎረቤት ሳታስቀይሚ ሁለት ዓመት ሠርተሽዋል። ዱቤውን ያልመለሰ ሰው ሐሙስ ገበያ ላይ ስታገኚው እንዴት ነው የምታናግሪው? ዕዳውን አስታውሰሽው፣ ደግሞም ደንበኝነቱን ሳታጪ? ይህን የሚችል ሰው በየቢሮው ብርቅ ነው። የማላውቀውን እያጋነንኩልሽ አይደለም። ብዙ አመልካች አይቻለሁ። ነጥቡ የሚያምር፣ ግን የሰው ዕዳ ጠይቆ የማያውቅ ልጅ በመጀመሪያው ወር ሲጨነቅ አይቻለሁ።

እንግዲህ «ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሉሽ የሚሆነውን አስቢው። እስካሁን ጥያቄውን እንደ ክስ ሰምተሽዋል። «ለምን ሥራ ፈታሽ?» እንዳሉሽ። አንዳንዴ በእርግጥ በክፉ ቃና የሚጠይቅ ሰው አለ። አብዛኛው ጠያቂ ግን ማወቅ የሚፈልገው እጅሽ ሥራ ለምዶ እንደሆነ ነው። እንዲህ ብትያቸውስ?

«ከተመረቅኩ ጀምሮ የእናቴን ሱቅ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን ያህል የዱቤ ደንበኛ አለን። አብዛኞቹ ቡና አምራቾች ስለሆኑ ገንዘቡ የሚመለሰው በለቀማ ወቅት ነው። መጀመሪያ ስረከበው መዝገቡ ቀን አልነበረውም፤ ማን መቼ እንደወሰደ አይታወቅም ነበር። በስምና በቀን ለየሁት። አሁን በየወሩ መጨረሻ ማን ስንት እንዳለበት በአንድ ገጽ አወጣለሁ። ከዚህ ጎን ለጎን ሥራ እያመለከትኩ ቆይቻለሁ።»

ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ልመና የለበትም። ይቅርታ የለበትም። ቁጥሩን ግን ከደብተሩ አውጥተሽ አንቺ ሙዪው። ያላደረግሽውን አንድም ቃል አትጨምሪ። የተጋነነ ነገር ሁለተኛ ጥያቄ ሲከተለው ይፈርሳል። እውነተኛው ግን ጥያቄ በጨመሩ ቁጥር ይሰፋል። ጠያቂው «እሺ፣ አልከፍልም ያለ ሰው ገጥሞሽ ያውቃል?» ቢልሽ ታሪክ አለሽ። ሰው ያየውን ሲናገር ምላሱ አይተሳሰርም። ዓይንሽ እንባ የሚያቀርረው «ምንም አልሠራሁም» ብለሽ ስለምታምኚ ነው። ያ ደግሞ እውነት አይደለም።

አሁን ስለ ድርጅቱ። ቡና ላኪ ነው ብለሻል። እዚህ አገር ቡና ውስጥ ተወልደሽ ስለ ቡና ሥራ ሳታነቢ እንዳትገቢ አደራ። የጅማ ሰው ነኝ ማለት ብቻ አይበቃም። እሸት ቡና ምንድነው፣ ጀንፈል ምንድነው፣ የታጠበውና ደረቁ ዋጋቸው ለምን ይለያያል? አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደሆነ በደንብ ያዢ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ጥሬ ቡና ለማውጣት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት፣ ማለትም ገና ያልደረቀ ቀይ የቡና ፍሬ፣ እንደሚያስፈልግም እወቂ። ይህ ለሒሳብ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ስንት እሸት ገብቶ ስንት ንጹሕ ቡና እንደወጣ ካልተመሳከረ የጎደለው የት እንደገባ አይታወቅም። ደግሞም በለቀማ ወቅት ማጠቢያ ጣቢያ ላይ በአጭር ጊዜ ለብዙ ገበሬ ገንዘብ ይከፈላል። ሚዛን የያዘው ሌላ፣ ደረሰኝ የሚጽፈው ሌላ፣ ብር የሚቆጥረው ሌላ መሆን አለበት። ይህን ብትጠቅሺላቸው መጽሐፍ የሸመደደች ልጅ ሳይሆን ሥራቸውን ያሰበች ሰው እንዳገኙ ይገባቸዋል።

ከየት አገኘዋለሁ አትበይ። ከማና፣ ከጎማ፣ ከጌራ ወረዳዎች የሚመጡ ደንበኞች ሱቃችሁ በር ላይ ይቆማሉ። ጠይቂያቸው። «ዘንድሮ እሸቱን ለማን ሸጡ? ብሩ ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ?» በያቸው። አንድ ሳምንት ብትጠይቂ ከማንኛውም ጽሑፍ ይበልጥብሻል።

የቀሩትን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ልንካቸው።

«ድክመትሽ ምንድነው?» ሲሉሽ «ሥራ አበዛለሁ» ወይም «ፍጹም እንዲሆን ስለምፈልግ ነው» አትበይ። ይህን መልስ የማይሰማ ፓናል የለም፤ ማንም አያምነውም። እውነተኛ፣ ግን ሥራውን የማያበላሽ ድክመት ጥቀሺ። እየሠራሽበት እንደሆነም አሳዪ። ለምሳሌ ብዙ ሰው ፊት መናገር ይከብድሻል። እኔ ብሆን ያንኑ እነግራቸዋለሁ፦ «ብዙ ሰው ፊት ስናገር እደነግጣለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ በጽሑፍ እዘጋጃለሁ፤ ዛሬም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።» አንድ ልጅ በአንድ ወቅት እንዲህ ሲል ፓናሉ በሙሉ ፊቱ ፈታ ሲል አይቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ውጥረት ረገበ።

የማታውቂው የሙያ ጥያቄ ይመጣል። ይህ የተረጋገጠ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ሊጠይቁሽ ይችላሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 እዚህ አገር እንዲሠራባቸው ስላደረገ ከጥያቄ አይጠፉም። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ትችያለሽ ወይ ይሉሻል። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር፣ ሊሰጡሽ ይችላሉ። የምታውቂውን መልሺ። የማታውቂው ሲመጣ ዝም አትበይ፤ አትቀባጥሪም። «ይህን በተግባር አልሠራሁትም። የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማግኘት እዚህ ቦታ አያለሁ» በይ። ጀማሪ ሁሉን እንዲያውቅ ማንም አይጠብቅም። ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን የተፈቀደው ቀጣሪም ተቀጣሪም እንዲተያዩ ነው። ፓናሉ ያለቀለት ባለሙያ ሳይሆን ቢያስተምሩት የሚማር ሰው ነው የሚፈልገው።

ደሞዝ ሲጠይቁሽ የቦታውን መነሻ አስቀድመሽ ጠይቀሽ ግቢ፤ «የድርጅቱን የደሞዝ ስኬል እቀበላለሁ» ማለትም ነውር የለውም። ቋንቋን በተመለከተ፣ እዚህ ጅማ ፓናሉ በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ በአማርኛ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሊጨርስ ይችላል። አንዱ ላይ ከተደናቀፍሽ «በዚህኛው ብቀጥል ይፈቀዳል?» ብለሽ ጠይቂ። ፈቃድ መጠየቅ ድፍረት ነው እንጂ ድክመት አይደለም። «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለውን በሦስቱም ቋንቋ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። በልብ ማሰብ ልምምድ አይደለም። አፍ ራሱ መንገዱን መልመድ አለበት።

ስለ ድንጋጤው ደግሞ አንድ ነገር። ልብሽ ሲመታ፣ እጅሽ ሲርድ፣ ሆድሽ ባር ባር ሲል «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» ትያለሽ አይደል? ሁላችንም እንላለን። አይሠራም። አሊሰን ውድ ብሩክስ የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ባሳተመችው ሥራ ሰዎችን ዘፈን አስዘፈነች፣ ንግግር አስደረገች፣ የሒሳብ ፈተና ሰጠች። ከመጀመራቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ የተደረጉት «ተረጋግቻለሁ» ከሚሉት የተሻለ ሠሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንጋጤና ጉጉት ለሰውነት ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። ከሚመታ ልብ ወደ መረጋጋት መሄድ ሩቅ መንገድ ነው። ከድንጋጤ ወደ ጉጉት ግን አንድ እርምጃ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመሽ «ጓጉቻለሁ» በይ። «ደብተሬን ልነግራቸው ጓጉቻለሁ» በይ። ይህ ከ«እችላለሁ» ይለያል። ስሜትሽን አይክድም።

መርበትበትሽ አንቺ የምታስቢውን ያህል ለሰው አይታይም፤ ይህም በጥናት የታየ ነው። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እንደ ፈረንጆቹ ባሳተሙት ሥራ ይህን መርምረዋል። ተናጋሪዎች ፍርሃታቸው ፊታቸው ላይ የተጻፈ ይመስላቸዋል፤ አድማጩ ግን የዚያን ያህል አያይም። ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች የተሻለ ተናገሩ። ለዚህ ነው አሁን የምነግርሽ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜም አረጋግጬዋለሁ። አመልካቹ «ስንቀጠቀጥ አያችሁኝ» ይለናል፤ እኛ አላየንም።

እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ወጣት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት «ለምን አንቺን እንቅጠር?» አሉኝ። ዝም አልኩ። በጣም ረጅም ዝምታ መሰለኝ። ወጥቼ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ለወራት ያንን ክፍል ሳስብ ፊቴ ይግል ነበር። ማንም «ምን ብለሽ መመለስ ትችዪ ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሁሉም «አይዞሽ» ብቻ አለኝ። አይዞሽ ውብ ቃል ነው፤ ያሳርፋል። ግን ካረፍኩ በኋላ ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። ያኔ አጠገቤ የጎደለውን ሰው ዛሬ ላንቺ ልሁንልሽ ብዬ ነው ይህን ያህል የምጽፈው።

እንቅፋቱንም አስቀድመሽ አስቢው። ኦቲንገንና የሥራ ባልደረባዋ ፒተር ጎልዊትዘር ያሳዩት ይህንን ነው፤ የምትፈልጊውን ካሰብሽ በኋላ የሚያግድሽን ጥቀሺ፣ ከዚያ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብለሽ ወስኚ። ዓይኔ እንባ ሲያቀር፣ ውኃ ተጎንጭቼ አንድ ጊዜ በረጅሙ አስወጥቼ እተነፍሳለሁ። ጥያቄው ካልገባኝ፣ «ይድገሙልኝ» እላለሁ። ዝናብ ከጀመረ፣ ባጃጅ እስኪገኝ አልጠብቅም፤ አንድ ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ከቀኑ በፊት ቢሮው ድረስ አንድ ጊዜ ሄደሽ እዪው። በሩን ያየሽው ሕንፃ ያን ያህል አያስፈራም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። «የሚያልፈው ዘመድ ያለው ከሆነ ምን ዋጋ አለው?»

እህቴ፣ የለም ብዬ አልዋሽሽም። አለ። አስቀድሞ የተያዘ ቦታ ላይ ለይስሙላ ኢንተርቪው ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ተቃውሜያለሁ፣ ተሸንፌያለሁም። አዎንታዊ መሆን ማለት ይህን እንዳላየ ማለፍ አይደለም። እንዲህ ያለውን በደል አይቶ የማይናደድ ሰው ቢኖር ያሳስበኛል። ግን የሚከተለውንም ልብ በይ። ሁሉም ቦታ እንደዚያ አይደለም። የቱ የተያዘ፣ የቱ ክፍት እንደሆነ ደግሞ ከውጭ ሆነሽ ልታውቂ አትችይም። ሁሉም የተያዘ ነው ብለሽ ሳትዘጋጂ ከገባሽ ክፍት የነበረውንም ታጪያለሽ። በተለይ የግል ድርጅት ገንዘቡን የሚያስይዘው ሰው ሲፈልግ ራሱን መጉዳት አይፈልግም። አራት ጊዜ የጽሑፍ ፈተና አልፈሽ መጠራትሽስ? አራት ጊዜ ያለማንም ሰው እስከ መጨረሻው በር ደርሰሻል። ያንን ማንም ዘመድ አልሰጠሽም።

ሲያቅትሽ ለራስሽ ምን እንደምትነግሪም ተጠንቀቂ። ማርቲን ሴሊግማን የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት ምክንያቱን እንዴት እንደሚያስረዳ ብዙ ዓመት አጥንቷል። በጣም የሚጎዳው «ሁሌም እንዲህ ነው፣ በሁሉም ነገር እንዲህ ነው፣ ጥፋቱ የኔው ነው» የሚለው ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ይህ «ዕድል የለኝም» በሚል አጭር ቃል ይነገራል። ዕድል የለኝም ካልሽ የሚስተካከል ነገር አይኖርም። «ባለፈው ኢንተርቪው ስለ ሁለቱ ዓመታት የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም» ካልሽ ግን ነገ የምትሠሪው ሥራ አለሽ። ሁለተኛው አባባል ይበልጥ እውነትም ነው።

ስለ ውሎሽ ትንሽ ልበል። ከኢንተርቪው ይልቅ የሚያደክመው እሱ ይመስለኛል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ «ገና ነው? አልተገኘም?» የሚሉት ነገር አለ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ግን በየቀኑ ይወጋል። አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ። «እያመለከትኩ ነው፤ እስከዚያ የእማዬን ሒሳብ እይዛለሁ» በይና ሲኒውን አቀብዪ። ማብራሪያ የለብሽም። የሥራ ማስታወቂያ ያለባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች ቀኑን ሙሉ አትክፈቺ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አብራሽ የተመረቀች ጓደኛሽ ሥራ ይዛ ፎቶ ስትለጥፍ ቅር ቢልሽ ራስሽን አትክሰሺ። ሰው ነሽ። ይልቅ ደውዪላት። «ምን ጠየቁሽ?» በያት። ከዚያ ፎቶ የሚጠቅምሽ ነገር እሱ ነው።

የተከማቸውንም ጻፊው። በ1994 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ጄምስ ፔንቤከር የሚባለው ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሥራ የተባረሩ ባለሙያዎችን ለአምስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ስለ መባረራቸው የሚሰማቸውን እንዲጽፉ አደረገ። የጻፉት ካልጻፉት ቀድመው ሥራ አገኙ። ያመለከቱበት ቦታ ስለበዛ አልነበረም። ቁጣውና ሐዘኑ ወረቀት ላይ ሲወጣ ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ አብሮ ስላልገባ ይመስለኛል። አንቺም ስለ አራቱ ኢንተርቪዎች ጻፊ። ለማንም አታሳዪው። ስትጨርሺ ቀዳደሽ ብትጥዪው ግድ የለም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርሽ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የሚያስደስትሽ ነገር ደስ ማሰኘት ካቆመ፣ ይህ በአስተሳሰብ ለውጥ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው። ሂጂ። ማንም «ፖዘቲቭ ሁኚ» ብሎ ከዚያ እንዳያስቀርሽ።

ለሁለቱ ሳምንታት እንዲህ ብታደርጊ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለደብተሩ ስጪ። ከዚያ አንድ ሳምንት ከደንበኞች ጋር ስለ ቡናው አውሪ፤ ማታ ማታ የባንክ ማስታረቅና የተሰብሳቢ ሒሳብ ጥያቄዎችን ሥሪ። በቀረው ጊዜ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። እናትሽን በርጩማ ላይ አስቀምጪና ጠያቂ ሁኚልኝ በያት። «ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ብላ ትጠይቅሽ። እሷ ፊት መልሱን እስከ መጨረሻው ከተናገርሽው ሌላ ቦታም ይወጣል። ምናልባት እሷም ልጇ ምን እንደሠራችላት ያን ቀን በወጉ ትሰማለች።

ደብተሩን ይዘሽ አትግቢ፤ የሰው ዕዳ በስም ተጽፎበታል። የወሩን መጨረሻ ማጠቃለያ ግን ያለ ስም በንጹሕ ወረቀት ገልብጪና ከማስረጃዎችሽ ጋር አያይዢው። ከጠየቁሽ ታሳዪያቸዋለሽ።

እንደወጣሽ፣ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን፣ የጠየቁሽን ሁሉ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ቢቀበሉሽም ባይቀበሉሽም ጥያቄዎቹን ላኪልኝ። አብረን እናያቸዋለን።